ጨጓራን ማሳነስ እና የሆድ ነገር፦ ስለ ክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ከመወሰናችን በፊት



በቤይሩት ቤቶች ውስጥ ለምንሠራ ሴቶች "ተክሚም" የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ማዳም ሠርታዋለች፣ እህቷ ልትሠራ ቀጠሮ ይዛለች፣ የጎረቤት ልጅ ከሠርጓ በፊት ካላደረግሁ ብላለች። ሊባኖስ ሰውነትን በኦፕራሲዮን መለወጥ እንደ ተራ ነገር የሚወራበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ባንክ ለውበት ኦፕራሲዮን ብድር እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ስንኖር፣ እሁድ ዶራ ወይም ቡርጅ ሐሙድ ቡና ላይ ስንገናኝ፣ "እኔም እቁቤ ሲወጣልኝ ላድርገው?" የሚል ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም።

ይህ ትምህርት አድርጊው ወይም አታድርጊው ለማለት አልተጻፈም። ለአንዳንድ ሰው ይህ ኦፕራሲዮን ዕድሜ የሚያራዝም ሕክምና ነው። ነገር ግን ኦፕራሲዮኑ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ውጤቱን መጠበቅ የዓመታት ሥራ ነው። ያ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው በጨጓራ ሳይሆን በአእምሮና በኑሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው፣ ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያ ነገር በሰው ቤት ለምትኖር ሴት በእጇ አለ ወይ? የሚለውን ነው።

1. ኦፕራሲዮኑ ምንድን ነው? ለማንስ ነው?

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በዓረብኛ "ተክሚም" የሚባለው ነው። ሐኪሙ ከጨጓራሽ ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። የቀረው እንደ ሙዝ ያለ ቀጭን ቱቦ ነው። የተቆረጠው ክፍል ተመልሶ አይገጠምም። ረሃብ የሚያመጣ አንድ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከዚያ ክፍል ስለሆነ መጀመሪያ አካባቢ ረሃብም ይቀንሳል። ሁለተኛው "ባይፓስ" ነው። ጨጓራው ትንሽ ከረጢት ይሆንና ምግቡ የአንጀትን የመጀመሪያ ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። "ባሎን" የሚባለው ግን ኦፕራሲዮን አይደለም። ለጥቂት ወራት ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ የሚወጣ ፊኛ ነው።

እነዚህ ሕክምናዎች ሱሪ ጠበበኝ ላለች ሴት የተሠሩ አይደሉም። ሐኪሞች የሚለኩት ክብደትን ከቁመት ጋር አነጻጽሮ በሚሰጥ ቁጥር ነው። ክብደትሽን በኪሎ ወስደሽ፣ ለቁመትሽ በሜትር ሁለት ጊዜ አካፍዪው። ለምሳሌ ቁመትሽ 1.60 ሜትር፣ ክብደትሽ 95 ኪሎ ቢሆን ቁጥርሽ 37 ነው። ለረጅም ዓመታት የሠራው መመሪያ፣ ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ቁጥሩ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ሲኖር ነው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የባለሙያ ማኅበራት መመሪያውን አሻሽለው፣ 35 ከሆነ ሌላ በሽታ ባይኖርም፣ ከ30 እስከ 35 ከሆነ ደግሞ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ካለ ሊታሰብ ይችላል ብለዋል። በ1.60 ሜትር ቁመት 35 ማለት ወደ 90 ኪሎ ነው። 72 ኪሎ ሆነሽ "እንሠራልሻለን፣ ገንዘቡን ብቻ አምጪ" የሚልሽ ቦታ ካለ ከዚያ ቦታ ውጪ።

2. ቁጥሮቹ ምን ይነግሩናል?

ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ትልቅ ጥናት ኦፕራሲዮን የተሠራላቸውን ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትሏል። ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት በአማካይ ከክብደታቸው 32 በመቶ ቀነሱ። በ10ኛው ዓመት ግን የቀነሱት 25 በመቶ ላይ ቆመ። በቀላል ቋንቋ፣ 100 ኪሎ የነበረች ሴት ወደ 68 ወርዳ፣ በኋላ ወደ 75 ተመለሰች ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ኦፕራሲዮኑ ይሠራል። ከ10 ዓመት በኋላም 25 ኪሎ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ይህን ሳታውቅ የገባች ሴት የመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎዎች ሲመለሱ "አልተሳካልኝም" ብላ ተስፋ ትቆርጣለች፤ ተስፋ ስትቆርጥ ክትትሉን ትተዋለች፤ ክትትሉን ስትተው ደግሞ የቀረው ይመለሳል። ቁጥሮቹ አማካይ ናቸው። አንዷ ሁሉንም ጠብቃ ትኖራለች፣ ሌላዋ አብዛኛውን ትመልሳለች። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች ዋናዎቹን ቀጥለን እናያለን።

3. ጨጓራ ሌላ፣ ሆድ ሌላ

በቋንቋችን ስሜት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ስናዝን "ሆዴ ባባ" እንላለን። ስንቀየም "ሆድ ባሰኝ" እንላለን። የማንናገረውን ነገር "በሆዴ ይዤው" እንላለን። ሐኪሙ የሚቆርጠው ጨጓራን ነው። በሆድ የተያዘውን አይነካውም።

እስቲ ከሰው ቤት ገብተሽ ለምን እንደወፈርሽ አስቢ። ለብዙዎቻችን መልሱ "ሆዳም ስለሆንኩ" አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ትሠሪያለሽ፤ ቁርስሽ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ነው። ምሳሽ ሰዎቹ በልተው ሲነሱ የተረፈው ሩዝና ጥብስ ድንች ነው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ወጥ ቤት ብቻሽን ቁጭ ስትይ፣ ያ የቀኑ ብቸኛ የራስሽ ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት የሚበላው ምግብ ለረሃብ ብቻ አይደለም። ለናፍቆት፣ ለስድብ፣ ለብቸኝነት፣ "ዛሬም አለፈ" ለማለት ነው። አንዳንዷ ደግሞ ምግብ ተቆልፎባት ወይም ተቆጥሮባት ስለኖረች፣ ምግብ ባገኘች ቁጥር ነገ እንደማታገኝ አድርጋ ትበላለች። ይህ የጠባይ ጉድለት አይደለም። የተራበ ሰውነትና የተጨነቀ አእምሮ የሚያደርጉት ነገር ነው። እንቅልፍ ማጣትም ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ በተለይ የጣፋጭና የቅባት።

ሌላም አለ። ያደግንበት አገር መወፈርን የምቾት ምልክት ያደርገዋል። ፎቶ ስንልክ ቤተሰብ "እሰይ፣ ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል" ይላል። እኛም ያልተመቸንን ኑሮ ደብቀን በወፈረው ፊታችን እናጽናናቸዋለን። እዚህ ደግሞ በተቃራኒው ማዳም "ናስሐ" ወፍራም እያለች ትሰድባለች። በሁለቱ መካከል ሰውነታችን የእኛ መሆኑ ይቀርና የሰው ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑን ለማን ብለሽ እንደምታደርጊው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጉልበትሽ ሕመም፣ ለስኳርሽ፣ ለትንፋሽሽ ከሆነ ምክንያቱ ከአንቺ ጋር ይቆያል። ሰው ስለሰደበሽ ከሆነ፣ ሰዳቢዋ ቤት ስትለቂ ምክንያቱም ይሄዳል፤ ኦፕራሲዮኑ ግን ከአንቺ ጋር ይቀራል።

የሁለት ሳምንት መልመጃ፦ በስልክሽ ወይም በደብተር ላይ የበላሽውን ሳይሆን የበላሽበትን ምክንያት ጻፊ። ሦስት ቃል ይበቃል፦ "ሌሊት፣ ብቻዬን፣ ተናድጄ።" "ቀን፣ ርቦኝ፣ ቆሜ።" ከሁለት ሳምንት በኋላ አንብቢው። አብዛኛው "ርቦኝ" ከሆነ የምግብ ሰዓትሽንና ዓይነቱን ማስተካከል ብዙ ይረዳሻል። አብዛኛው "ተናድጄ፣ ከፍቶኝ፣ ናፍቆኝ" ከሆነ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ሆነ በኋላ ሊታከም የሚገባው እሱ ነው።

4. ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በአእምሮ ውስጥ የሚሆነው

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ እየተባለ አንድ ወር ተኩል ያህል ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች "ምን አደረግሁ?" ብለው ያለቅሳሉ። ይህ ይጠበቃል። አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል።

ከዚያ ክብደት በፍጥነት የሚወርድበት ጊዜ ይመጣል። ልብስ ይሰፋል፣ ሰው ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ደስታው እውነተኛ ነው። ግን ያን ጊዜ የሚሠራው ኦፕራሲዮኑ ነው። ልማድ የሚሠራበትም ጊዜ ያው ነው። በዚያ ዓመት ቀስ ብሎ መብላትን፣ ማላመጥን፣ ምግብና ውኃን መለየትን፣ በእግር መሄድን ያልለመደች ሴት፣ ረሃብ ሲመለስ ባዶ እጇን ትቀራለች።

በሦስተኛ ደረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ክብደቱ ይቆማል፤ አድናቆቱም ይቆማል። የኑሮ ችግር ግን ያው ነው። ብድሩ አለ፣ ናፍቆቱ አለ፣ ኢቃማው አላለቀም። "ከቀጠንኩ በኋላ ሁሉም ይስተካከላል" ብላ የጠበቀች ሴት እዚህ ላይ ትወድቃለች። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት 8,815 ኦፕራሲዮን የተሠራላቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ ራሳቸውን በመጉዳት ምክንያት ድንገተኛ ክፍል የሚደርሱ ሰዎች ቁጥር ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከነበረው በግማሽ ያህል ጨምሮ አግኝቷል። አብዛኛው የሆነው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። ይህ የሚደርስባቸው በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስሜታቸው ይሻሻላል። ቢሆንም ቀድሞ ድብርት የነበረባት፣ ራሷን ለመጉዳት አስባ የምታውቅ ሴት ይህን ለሐኪሙ መደበቅ የለባትም። መናገሯ ሕክምናውን ለመከልከል ሳይሆን ብቻዋን እንዳትተው ነው።

መጠጥም ይጠቀስ። ጨጓራ ከተለወጠ በኋላ፣ በተለይ ባይፓስ ላይ፣ መጠጥ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። ትንሽ ቢራ ያሰክራል። ምግብ መጽናኛ ሆኖላት የኖረች ሴት ምግቡ ሲከለከል መጽናኛዋን ወደ መጠጥ ልታዞር ትችላለች። አሜሪካ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ የመጠጥ ችግር ያለባቸው ሰዎች ከኦፕራሲዮኑ በፊት 7.6 በመቶ የነበሩት በሁለተኛው ዓመት 9.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከዚያ ደግሞ የእኛው ጉዳይ፣ ጉርሻ። እሁድ አንድ ትሪ ላይ ስንቀመጥ ጉርሻን እምቢ ማለት ፍቅርን እምቢ ማለት ይመስላል። "ቀጠንኩ ብላ ኮራች" ይባላል። ሦስት ጉርሻ ደግሞ ትንሽ ለቀረ ጨጓራ ሙሉ ምሳ ነው፤ እንጀራና ዳቦም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጣበቅና ሊያስመልስ ይችላል። ስለዚህ ከመቀመጥሽ በፊት ለአንዷ ጓደኛሽ ንገሪያትና ከጎንሽ ትቀመጥ። "ጉርሻሽን ወስጃለሁ፣ በእጄ ቀስ ብዬ ልብላው" ማለት ማንንም አያስቀይምም። ከጓደኛ መራቅ ግን አይሻልም። ብቻዋን የምትበላ ሴት ወደ ሌሊቱ ወጥ ቤት ትመለሳለች።

ጾምም መታሰብ አለበት። ጿሚ ከሆንሽ፣ ክርስቲያንም ሆንሽ ሙስሊም፣ በመጀመሪያው ዓመት ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል አደገኛ ነው። ለሐኪምሽም ለንስሐ አባትሽ ወይም ለሼኽሽም ተናገሪ። የታመመ ሰው ጾም በሁለቱም እምነት የተለየ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ የጾም ፕሮቲን ናቸው። ብዙ ሐኪሞች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያዛሉ፤ ከየምግቡ መጀመሪያ የሚበላውም እሱ ነው።

5. ከመወሰንሽ በፊት ኑሮሽን መርምሪ

ለማዳም የሚሠራው ሐኪም "ከዚህ በኋላ በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ብዪ፣ በደንብ ተኚ፣ ቫይታሚን በየቀኑ ውሰጂ፣ በየሦስት ወሩ ተመለሺ" ሲላት ትችላለች። አንቺስ? እነዚህን ጥያቄዎች በሐቀኝነት መልሺ።

ምግብሽን የሚወስነው ማነው? የምትኖሪው ከአሠሪ ቤት ከሆነ እንቁላል፣ ላብኔ፣ ዓሣ፣ ዶሮ በፈለግሽ ሰዓት መውሰድ ትችያለሽ? "ትንሽ ነው የምትበላው" ተብሎ የምግብሽ ወጪ ቢቀነስብሽስ?

ማረፍ ትችያለሽ? ብዙ ሰው ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ቀላል ሥራ ይጀምራል። ከባድ ነገር ማንሳት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይከለከላል። የእኛ ሥራ ደግሞ ምንጣፍ ማንሳት፣ የውኃ ጋሎን መሸከም፣ አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ማገላበጥ ነው።

ለክትትል መውጣት ትችያለሽ? ቫይታሚን ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ለዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። ደም ምርመራም በየጊዜው አለ። የእረፍት ቀን የሌላት ሴት ይህን እንዴት ትጠብቃለች?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በእቁብ የተገኘ ገንዘብ አንድ ነገር ነው። ከአሠሪ ወይም ከደላላ የተበደርሽው ግን ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ሊያሠራሽ ይችላል። የዕዳ ጭንቀት ደግሞ ራሱ ያስበላል። አሠሪ ለኢቃማ የሚገዛልሽ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የክብደት ኦፕራሲዮንን አይሸፍንም። ከዚህ የሚመጣን ችግር ይሸፍን እንደሆነም ወረቀቱን አስነብቢ።

ሁለት ዓመት እዚሁ ትቆያለሽ? ይህን ጥያቄ ማንም አያነሳውም፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ደመወዝ ቆመ። በ2020 ብዙ እህቶቻችን ሐዝሚዬ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ተጣሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የወደብ ፍንዳታው ደረሰ። በ2024 ጦርነቱ ሲበረታ ከደቡብና ከዳሒዬ ተፈናቅለው መጠጊያ ያጡ ብዙ ነበሩ። ነገ ምን እንደሚመጣ አናውቅም። ስለዚህ ኦፕራሲዮን የምታደርጊ ከሆነ የተሠራልሽን ዓይነት፣ ቀኑንና የመድኃኒቱን ዝርዝር የያዘውን የሆስፒታል ወረቀት ተቀበዪ፤ በስልክ ፎቶ አንሺው፤ አገር ቤት ላለ የምታምኚው ሰው ላኪ። ድንገት ብትሄጂ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያነበው እሱን ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹን "አይ" ብለሽ ከመለስሽ፣ ሰውነትሽ ለኦፕራሲዮን ቢደርስም ኑሮሽ አልደረሰም ማለት ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታገሉለት እንቅልፍ፣ የእረፍት ቀንና ምግብ ነው። እነሱ ራሳቸው ክብደትን ለመቀነስም ሊረዱ ይችላሉ።

6. መብትሽ

የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 ጀምሮ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አውጥቷል። ቢሆንም በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ኮንትራት በቀን በአማካይ ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ፣ ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት የሌሊት ዕረፍት፣ በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍትና ኢንሹራንስ እንደሚገባሽ ይላል። የሐኪም ወረቀት ሲኖር ግማሽ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ግማሽ ወር በግማሽ ደመወዝ የሕመም ፈቃድም አለው። በፈቃድሽ የምታደርጊው ኦፕራሲዮን እንደ ሕመም ይቆጠር አይቆጠር ግን ከአሠሪሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ በዋትስአፕም ቢሆን በጽሑፍ አስቀሪው።

ማንም ሰው ቀጥኚ ብሎ ኦፕራሲዮን፣ መርፌ ወይም ክኒን ሊያስወስድሽ አይችልም፤ "እኔ ነኝ የምከፍለው" ቢልም። የማታነቢውን ወረቀት አትፈርሚ። የሚያስረዳሽ ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ሐኪሙን ብቻሽን፣ ማዳም ሳትኖር ማነጋገርም ትችያለሽ። ስለ ድብርት፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና በእሷ ፊት መናገር የለብሽም።

ስለ እርግዝና አንድ ነገር እናስታውስ። ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል ይጨምራል። ሐኪሞች ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እንዳይረገዝ ይመክራሉ። ከባይፓስ በኋላ በአፍ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዓይነት ጠይቂ።

7. ኦፕራሲዮኑን ያደረገችው ማዳም ከሆነች

ብዙዎቻችን ይህን ሕክምና የምናየው በወጥ ቤት በኩል ነው። ሾርባውን የምናጠልለው፣ የምንፈጨው፣ የምንለካው እኛ ነን። የሐኪሙን የምግብ ወረቀት በዓረብኛ ከሆነ አስነብቢና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ወረቀቱ ላይ ከሌለ "ትንሽ ስጪኝ" ብትልሽም "ሐኪሙን እንጠይቅ" በያት። በሠራሽው ምግብ ታመምኩ እንዳትይሽ ይህ ይጠብቅሻል።

ጠባይዋም ሊለወጥ ይችላል። ረሃብ፣ ድካምና የምግብ መጽናኛ ማጣት ሰውን ያናድዳል። ምክንያቱን ማወቅ ይረዳሻል፤ ስድብን ወይም ምትን ግን የተፈቀደ አያደርገውም። ሌሊት ተደብቃ ስትበላ ብታያት ጠባቂዋ አይደለሽም። ራሷን ልትጎዳ እንደምትችል ከተናገረች ግን ለቤተሰቧ ወዲያው ንገሪ።

የተረፋትን መድኃኒት ወይም መርፌ አትውሰጂ። በፌስቡክና በቲክቶክ "የማቅጠኛ ቅጠል" እየተባሉ ከሚሸጡ ክኒኖች አንዳንዶቹ ውስጥ ሲቡትራሚን ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ በአውሮፓና በአሜሪካ በ2010 ከገበያ የወጣ ነው። ሊባኖስ ውስጥ በ2023 በሐሰተኛ ኦዜምፒክ የተጠረጠሩ መርፌዎችን ወስደው ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ የወረደ ሰዎች ነበሩ።

8. አድርገሽው ክብደት እየተመለሰ ከሆነ

አትፈሪ፣ አትደበቂም። መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ምሳና እራት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ የሚቀመሰው ነው፦ የልጆች የተረፈ ቺፕስ፣ ስኳር ያለው ሻይ፣ ጁስ፣ ቡና ላይ ያለ ፈንዲሻና ብስኩት። ትንሹ ጨጓራ እነዚህን አይከለክልም። በቀን የሚበላበትን ሰዓት ወስኚና ከዚያ ውጪ አፍሽን አሳርፊ። ተቀምጠሽ ብዪ። ምግብ ስትበዪ ውኃ አትጠጪ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተመዘኚ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሚዛን ላይ መውጣት ጭንቀት ነው።

ከዚያ ደብተርሽን አውጪና "ለምን በላሁ?" ወደሚለው ተመለሺ። ከሌሎች ጋር አድርጊው። አራትና አምስት ሆናችሁ በወር አንድ እሁድ ብትገናኙ፣ እንደ እቁብ ቀን ቆርጣችሁ ብትጠያየቁ፣ ብዙ ይረዳል። በመገናኛችሁ ላይ ኪሎ አትጠይቁ። "እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ቫይታሚንሽ አለቀ ወይ? ማን አስከፋሽ?" ተባባሉ።

9. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የማይቻል የሆድ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፤ ወይም ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ወደ 140 ቀይ መስቀል ደውዪ፣ ነገ አትበዪ። ለቀናት የማያቆም ትውከት፣ ከእሱ ጋር ነገር መደነጋገር፣ ሁለት ሁለት ማየት ወይም መንገዳገድ የቫይታሚን ቢ1 ማለቅ ሊሆን ይችላል፤ ነርቭንና አንጎልን ሳይጎዳ መታከም አለበት። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ አይቡፕሮፌንና ቮልታረን ያለ ሐኪም አትዋጪ፤ ጨጓራን ያቆስላሉ። በሦስተኛው ወር አካባቢ ፀጉር መርገፍ ግን የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የአእምሮም ድንገተኛ ሕመም አለ። ለሁለት ሳምንት ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ብቻሽን አትሁኚ። በዚያው ሌሊት ለጓደኛ ደውዪ፤ በ1564 የሊባኖስን የስሜት ድጋፍና ራስን ማጥፋት መከላከያ መስመር (ኤምብሬስ) ማግኘት ትችያለሽ። ዓረብኛው ከከበደሽ ከሚችል ሰው ጋር ሆነሽ ደውዪ። የኢትዮጵያውያቱን ማኅበር "እኛ ለእኛ በስደት"ን፣ ካሪታስን፣ ካፋን፣ የጸረ ዘረኝነት ንቅናቄውን የስደተኞች ማዕከልና ድንበር የለሽ ሐኪሞችን ደግሞ ስለ ሕክምናም ስለ መብትም ጠይቂ።

ለማስታወስ

ኦፕራሲዮኑ ለሚያስፈልጋት ሴት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ኑሮዋን ግን አይሠራላትም።
ጥቂት ኪሎ መመለሱ ውድቀት አይደለም፤ ክትትል መተው ነው የሚጥለው።
ለምን እንደምትበዪ ሳታውቂ ምን ያህል እንደምትበዪ መቀነስ አይቆይም።
ምግብ፣ እንቅልፍ፣ የእረፍት ቀን፣ ጓደኛና የሐኪም ወረቀት በእጅሽ መሆናቸውን ከቢላው በፊት አረጋግጪ።
ሰውነትሽ የአንቺ ነው፤ የማዳምም፣ የፎቶም፣ የሰው ወሬም አይደለም።

ይህን ትምህርት እያሰበች ላለች እህት አንብቢላት። ካነበብሽላት በኋላም ውሳኔውን ለእሷ ተዪላት፤ ያስፈለጋት ቀን ግን አብረሻት ሐኪም ቤት ሂጂ።